ገና ሲወጣ

መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ «ቲም ቢልዲንግ» የሚለው ነገር አለው። ቢሮ ውስጥ የማንዋደድ ሰዎች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰን፣ ተራራ ወጥተን እንድንዋደድ የሚደረግ ሙከራ ነው። ዘንድሮ እንጦጦ ተባለ። የካ አባዶ ለሚኖር ሰው እንጦጦ መሄድ ማለት መጀመሪያ ታች ወርዶ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ ከተማውን አቋርጦ እንደገና መውጣት ነው፤ ከቤቴ መስኮት የማየው ተራራ ላይ ለመድረስ ጠዋቴ አለቀ። ስደርስ ከሒሳብ ክፍል የመጣችው ልጅ እጆቿን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አየሩን በአፍንጫዋ ስባ «ይሄ እኮ ስዊዘርላንድ ነው» አለች።

ቅጥል አልኩ። ስዊዘርላንድን አላየቻትም፤ እኔም አላየኋትም። ሁለታችንም የምናውቃት ከግድግዳ ካላንደር ላይ ነው፤ አረንጓዴ ሣር፣ አንገቷ ላይ ቃጭል የታሰረላት ላም፣ የእንጨት ቤት፣ ጉንጯ የቀላ ልጅ። ካላንደሩ ላይ የማይታየውን ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ባሕር ዛፉ ይሸታል፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አንድ ሰው ያልደረቀ ኩበት እያነደደ ነበር። ያንን ጭስ አንዴ የቀመሰ ሰው አይረሳውም። ጉሮሮ ይይዛል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሙቀት ግን አይሰጥም። እኔም እዚያ ተራራ ጀርባ አንድ ክረምት ሙሉ ጉንጯ የቀላ ልጅ ነበርኩ። ያቀላው ብርድ ነው።

ሦስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። እናቴ እርጉዝ ነበረች፤ ሐኪሞቹ እርግዝናው አስጊ ነው፣ እስክትወልድ ሆስፒታል ትተኛ አሉ። አባቴ ቀን ሥራ፣ ማታ ሆስፒታል በር ላይ ሆነ። ኮተቤ ቤታችን ውስጥ እኔን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ከካራ በላይ፣ ከሸንተረሩ ጀርባ ወዳለች ትንሽ መንደር፣ የእናቴ አጎት አባባ ቶሎሳ ጋ ተላክሁ። ይህን ሁሉ አሁን አስተካክዬ ነው የማወራው። ያኔ የተነገረኝ «እማዬ ሆስፒታል ትንሽ ትረፍ፣ አንቺ ደግሞ ሄደሽ አየር ለውጪ» የሚል ነው። ሕፃን እንደምታመጣ ግን አውቅ ነበር፤ ቢጫ ቆብ ስትሠራለት አይቻለሁ። የኮተቤ አየር ምን ሆነ ብዬ ጠየቅኩ። በእኛ ቤት ልጅ ሲጠይቅ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ስማቸው ቶሎሳ ይሁን እንጂ ቶሎ የሚባል ነገር ከእሳቸው ጋር ተዋውቆ አያውቅም። ካራ አስፋልቱ ዳር ከአባቴ እጅ ተረክበውኝ ዳገቱን ስንያያዘው፣ አንድ እርምጃ ይራመዱና ቀጣዩን የሚያስቡበት ይመስል ይቆማሉ። ዝናብ ነው። ጭቃው ጫማዬን ያወልቃል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ እጎትታለሁ፤ እሳቸው ከፊት ቆመው ይጠብቁኛል።

«ደረስን?» አልኩ።

«ገና።»

«አሁንስ?»

«ገና።»

ያን ክረምት ከአፋቸው የሰማሁት ሁሉ ቢሰበሰብ ግማሹ «ገና» ነው። ድንቹ በሰለ? ገና። ዝናቡ አባራ? ገና። ሬዲዮው ተሠራ? ገና። አንጀቴን የሚያሳርረው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ አባባሉ ነው። ቀስ ብለው፣ ደስ ብሏቸው፣ እንግዳን ግባ እንደሚል ሰው ነው የሚሉት።

የመጀመሪያው ቀን ማምሻውን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን፣ ዋናውን ጥያቄዬን አመጣሁ። «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?»

እንደ ልማዳቸው ረጅም ጊዜ አሰቡ። «ገና ሲወጣ ትመጣለች» አሉ።

ደነገጥኩ። ገናን አውቀዋለሁ፤ ዶሮ የሚታረድበት፣ አዲስ ልብስ የሚለበስበት የታኅሣሡ ገና ነው። ትምህርት ደግሞ መስከረም ላይ ይከፈታል። ይኸው ገና ሐምሌ አልገባም። ስለዚህ አራተኛ ክፍል ያመልጠኛል፤ ከእኔ ጋር የምትቀመጠው ልጅ ሌላ ጓደኛ ይዛ ትቀመጣለች፤ እናቴም ያን ሁሉ ወር አትፈልገኝም ማለት ነው።

«ከገና በፊት አይሆንም?» ብዬ ለመንኳቸው።

«ገና ሳይወጣ ማን ይመጣል፣ ኢንተሎ? መንገዱን አላየሽም? ጭቃ ነው።»

ኢንተሎ ማለት በኦሮምኛ አንቺ ልጅ ማለት ነው፤ ያን ክረምት ስሜ እሱ ሆነ። ገናና ጭቃን ምን እንዳገናኛቸው ግን ሊገባኝ አልቻለም። በእኛ ገና ጭቃ የለም፤ ፀሐይና አቧራ ነው ያለው። ሽማግሌው ተምታቶባቸዋል ብዬ በየሁለት ቀኑ እንደ አዲስ ጠየቅኳቸው። መልሱ አንድ ነው፤ ገና ሲወጣ።

መንደሯ ራሷ ሌላ ጣጣ ናት። ክረምት ሲገባ ታች ካራ ያለው መሬት ስለሚዘራ፣ የዘመዱ ሁሉ ከብት ሣር ፍለጋ ወደ ላይ ይመጣል። ሰው ብርድ ፈርቶ ወደ ታች ሲወርድ ከብት ወደ ላይ ይወጣል፤ ቁጥራቸው እየበዛ ሄዶ እኔ እንግዳዋ እንጂ እነሱ እንግዶች አልመስል አሉ። ጉሙ ሳያንኳኳ በበር ይገባል። በረዶው ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለ ሰው ምን እንደሚል አይሰማም፤ ሲያባራ ደግሞ የሚባል ነገር አይኖርም። ከእንጨት መሰብሰቡ፣ ከውሃ መቅዳቱ ሁሉ የከፋው ግን የእኔ ሥራ የሆነው ነው፤ ኩበት ማድረቅ።

በክረምት ኩበት ማድረቅ ምን ዓይነት ቀልድ እንደሆነ ለስዊዘርላንዷ ልጅ ማስረዳት አልችልም። ጠዋት ይጠፈጠፋል። ፀሐይ ብቅ ስትል አውጪ ይሉኛል፤ አወጣለሁ። አውጥቼ ሳልጨርስ ደመናው ተሸሽጎ ሲጠብቀኝ የቆየ ይመስል ያወርደዋል፤ አስገቢ ይሉኛል። አስገብቼ ስቀመጥ ፀሐይ ትወጣለች። «አይደርቅም እኮ፤ በጋዝ ምድጃ አብስሉ፣ እማዬ በጋዝ ነው የምታበስለው» አልኳቸው፤ ምክሬን የሰማ አልነበረም። አዛዥዋ የአባባ ቶሎሳ ሚስት እማማ ጫልቱ ናቸው። እማማ ጫልቱ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም፤ እኔ ደግሞ እናቴ ስልክ ላይ ስታወራ የለቀምኳት ኦሮምኛ ሲመቸኝ ትሰማኛለች፣ ሳይመቸኝ ትጠፋኛለች። እሳቸው በኦሮምኛ ይቆጡኛል፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ። በደንብ ተግባብተን ነው የምንጣላው።

ከከብቱ መሃል የወደድኩት ፍጡር አንዲት ጥጃ ናት። ዳለቻ የምትባል ግራጫ ላም ነበረቻቸው፤ ሁለት ልጆች አሏት። ትልቋ ሎሚ ትባላለች፤ ከብርዱ ገብታ ምድጃው አጠገብ ስትቆም እጄን እየላሰች ታሞቀኛለች። ትንሹ እኔ በመጣሁ በሳምንቱ የተወለደ ነው። እሱም ከእኛው ጋር እቤት ያድራል፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ራስጌዬ ላይ ይሸናል፣ ምንጣፌን ያኝካል። «ስሙ ማነው?» ብዬ ስጠይቅ አባባ ቶሎሳ ምን እንዳሉኝ መቼም ታውቁታላችሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ያናድደኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ኩበቱን ማስገባትና ማውጣቱ ሲጦፍ፣ አባባ ቶሎሳ ባለ ቁልፍ ሞባይላቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ብድግ ይላሉ። የሚሄዱት ከቤቱ በላይ ወዳለ ትልቅ ድንጋይ ነው። ከሥራ እየሸሹ ነው ብዬ ነበር። ድንጋዩ ላይ ካልሆነ በቀር በዚያ መንደር ኔትወርክ እንደማይገኝ አላውቅም ነበር። አብሬዎት ልሂድ ስላቸው «አንቺ ገና ነሽ» ይሉኛል። ድንጋይ ላይ ለመቀመጥ ምን ዓይነት ዕድሜ እንደሚያስፈልግ አልነገሩኝም።

አንድ ቀን ተከተልኳቸው። ጉሙ ወርዶ ስለነበር ራሴን መደበቅም አላስፈለገኝ፤ ጋቢያቸውን እያየሁ ከኋላ ወጣሁ። ድንጋዩ ላይ ቆመው፣ ስልኩን ከነፌስታሉ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በአማርኛ ይጮኻሉ። ታች ያለው ሰው ያለ ስልክ እንዲሰማቸው የፈለጉ ይመስላሉ።

«እኮ! ሁለቱም አይተርፉም ነው የሚሉት?» ዝም አሉ። «አንዱ ብቻ? ከሁለት አንዱ?» ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሯቸው አዞሩ። «የትኛው እንደሆነስ?» ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «እሺ። እሺ ልጄ፣ በርታ። ለትንሿ አልነገርኳትም። ገና ናት።»

ትንሿ እኔ መሆኔ ገባኝ። ሁለቱ እነማን እንደሆኑም የገባኝ መሰለኝ። በዚያ ሰሞን አንድ የከብት ነጋዴ መጥቶ፣ ሎሚንና ትንሹን ጥጃ አፋቸውን ከፍቶ፣ ጎናቸውን ዳብሶ ሄዶ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ሊሸጡ ነው፤ አንዱ ብቻ ነው የሚተርፈው፤ እኔ እንዳላለቅስ ይደብቁኛል። ደሜ ፈላ። ከእሳቸው ቀድሜ እየተንሸራተትኩ ወረድኩና ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው።

ገብተው እስኪቀመጡ፣ ድንች አንስተው መላጥ እስኪጀምሩ ድረስ ታገሥኩ። «አባባ፣ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው አይደል የሚተርፈው?» አልኳቸው።

እጃቸው ድንቹ ላይ እንዳለ ቆመ። እማማ ጫልቱ ዞረው አዩኝ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

«ሰምቻለሁ። ድንጋዩ ጋ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ለምንድን ነው የምትደብቁኝ?»

ዕድል ያገኘሁ መሰለኝ፤ ሳስበው የመጣሁትን ተናገርኩ። «እንግዲህ አንዱ የግድ ከሆነ ትልቋ ትትረፍ» አልኩ። «ትንሹን ገና አለመድነውም።»

አባባ ቶሎሳ ድንቹን ቀስ አድርገው አመዱ ዳር አስቀመጡት። «እሺ» አሉ። ገና አላሉም፣ ቆይ አላሉም። እማማ ጫልቱ ደግሞ፣ ያን ሁሉ ቀን ሲቆጡኝ የከረሙት ሴትዮ፣ በክንዴ ጎትተው ደረታቸው ላይ አጣበቁኝ። ጭስ ጭስ ይሸታሉ። ትንፋሽ አጠረኝ፤ እሳቸውም ሎሚን እንዲህ ይወዷታል ለካ ብዬ ገረመኝ።

ከዚያ በኋላ አባባ ቶሎሳ ጠዋትም ከሰዓትም ድንጋዩ ጋ ይወጡ ጀመር። በረዶ ሲወርድም ይወጣሉ። ከነጋዴው ጋር ሎሚን ለማስጣል እየተከራከሩ ነው ብዬ ስላሰብኩ፣ ቀርፋፋነታቸውን ይቅር አልኳቸው፤ ሲመለሱ ጫማቸውን የምቀበለው እኔ ሆንኩ። ነጋዴው አልተመለሰም። ሁለቱም ጥጆች ቀሩ። የእኔ ንግግር ነው የሠራው ብዬ ኮራሁ፤ ራስጌዬ ላይ የሚሸናውም በመትረፉ ብዙም አልከፋኝ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከድንጋዩ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየኋቸው። አካሄዳቸው ያው ነው። ቆሙ፤ ተራመዱ፤ ቆሙ። ገብተው ቦቲያቸውን አወለቁ። ውሃ አምጪ አሉኝ፤ አመጣሁ። እግራቸውን ታጠቡ፤ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን፣ በየጣቱ መሃል። ዜና የያዘ ሰው እንዲህ እንደማይሆን አውቅ ስለነበር ምንም አልጠበቅኩም።

«እናትሽ ተነስታለች» አሉ። «እህል ቀምሳለች።»

«ልትመጣ ነው?»

«ገና ሲወጣ።»

«ሕፃኑስ? ወለደችው?»

እግራቸውን ያዩ ነበር። ውሃው ድፍርስ ብሏል። «ገና» አሉ።

እማማ ጫልቱ ተነስተው ኩበቱን ሊያወጡ ሄዱ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ይህ ቤት ጨርሶ አበደ ብዬ አሰብኩ።

እናቴ የመጣችው ዝናቡ ቆሞ መንገዱ ሲጠና፣ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በአባቴ ክንድ ተደግፋ ነው የወጣችው። ከስታለች፤ ሆዷ የለም። ሕፃኑን ማን እንደያዘው ለማየት ከኋላቸው መንገዱን አየሁ። ማንም የለም። እማማ ጫልቱ ሮጠው አቀፏትና ለረጅም ጊዜ አልለቀቋትም። «አይዞሽ» አሏት፤ «እንኳን አንቺ ተረፍሽልን።» በአማርኛ ነው። ጥርት ባለ አማርኛ! ክረምቱን ሙሉ በኦሮምኛ ስታስለፋኝ የከረመች ሴት! በመናደዴ መሃል ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ፤ ተረፈ የሚለው የጥጆቹ ቃል እዚህ ምን ይሠራል?

«ገና ሳይደርስ እንዴት መጣሽ?» አልኳት እናቴን።

«የምን ገና?»

«አባባ ገና ሲወጣ ትመጣለች ብለውኛል።»

ሆዷን በእጇ ደግፋ ሳቀች፤ ያን ቀን የሳቀችው ያንን ብቻ ነው። «የነአባባ ገና እኮ ክረምት ነው» አለች። «በኦሮምኛ ክረምትን ገና ነው የሚሉት።»

አባባ ቶሎሳን ዞሬ አየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እና ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል በሚል ዓይን። ስለ አራተኛ ክፍል ያነባሁት እንባ ሁሉ፣ በየሁለት ቀኑ የለመንኩት ልመና፣ አንዲት ቃል ባለመተርጎሟ ነው። «ክረምት ሲያልቅ» ማለት ምን ያህል አፍ ይፈጃል?

ሕፃኑስ ብዬ ስጠይቅ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔም በቃኝ፤ ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም፣ ራሴ አስበዋለሁ አልኩ። ካሰብኩት ደግሞ ግልጽ ነው። ስለ ሕፃኑ ስጠይቅ አባባ «ገና» ብለዋል። የክረምቱ ገና ወጥቷል፣ ሕፃኑ አልመጣም። ስለዚህ የእሱ ገና ሌላኛው፣ ዶሮ የሚታረድበት ገና ነው። ለማንም ሳልናገር አራተኛ ክፍል ገባሁና ጠበቅኩት። እናቴ ብዙ ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ሲመጣ ይሻላታል ብዬ አሰብኩ።

የገና ዕለት አባባ ቶሎሳ ቅቤ ይዘው፣ ነጭ ለብሰው ኮተቤ ቤታችን መጡ። ትንሹ ጥጃ ስም እንደወጣለት ነገሩኝ። ሁላችንም ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠን፣ እናቴ ዶሮውን ስታወጣ፣ ተነስቼ ወደ መኝታ ክፍል ገባሁና ከቁምሳጥኑ ሥር ያገኘሁትን ቢጫ ቆብ አምጥቼ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ሰው ማሰብ አለበት ብዬ ነው፤ ታኅሣሥ ይበርዳል።

«ዛሬ ገና ነው» አልኩ። «ሕፃኑ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

ጭልፋው ድስቱ ውስጥ ወደቀ። ወንድሜ በዚያ ነሐሴ፣ ሳያለቅስ ተወልዶ እንደተቀበረ ከእኔ በቀር በዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ያኔም የነገረኝ የለም። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ብይ፣ ይቀዘቅዛል» አለኝ።

እናቴ ቆቡን አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። «ማነው ዛሬ ይመጣል ያለሽ?» አለች።

«አባባ ናቸዋ» አልኩ፤ በጣቴ አሳየኋቸው። «ገና ብለውኛል።»

አባባ ቶሎሳ አዩኝ። ከዚያ ብድግ አሉ። እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ጋቢያቸውን ወንበሩ ላይ ትተው በሩን አልፈው ሄዱ፤ እኔ መስኮቱ ጋ ስደርስ ግቢውን ጨርሰው መንገዱን ተሻግረዋል። ቶሎ ሲራመዱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።